ቤት የሌለው በር

[እ.ኤ.አ. 2014፣ ዴንቨር፣ የአንድ ኮሌጅ ግቢ። ሣሩ መሃል አንድ በር ከነመቃኑ ብቻውን ቆሟል። የአርት ተማሪዋ ጽጌረዳ እና ዕቃ ሊያግዛት ከአውሮራ የመጣው የአክስቷ ልጅ እንዳልክ በሩን መሃል አድርገው ይጨቃጨቃሉ።]

እንዳልክ፦ እኔ አሁን ያለሁት ውስጥ ነው ውጭ?

ጽጌረዳ፦ ውስጥ የሚባል የለም አልኩህ። ቤት የለውማ።

እንዳልክ፦ ነፋሱ የሚመታው እኔን ብቻ ነው። ውጭ ብሆን ነው።

ጽጌረዳ፦ ስማኝ። ኢንተራክቲቭ አርት ነው። ሰው ያንኳኳል፣ አንተ ትከፍታለህ፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ያወራሉ። በቃ።

እንዳልክ፦ ግቡ ካልኳቸው የት ይገባሉ?

ጽጌረዳ፦ [ግንባሯን ይዛ] ዛሬ የኮሌጁ የአርት ኮሚቴ መጥቶ አይቶ ካላጸደቀልኝ ወደ ነርሲንግ እዞራለሁ ብዬ ለእማዬ ቃል ገብቻለሁ። አደራህን። ማጠፊያው ስለላላ ብሎን መፍቻ ከመኪና ላምጣ። እስክመለስ በሩን እንዳትነካው።

[መኪናዋን ራቅ አድርጋ ነው ያቆመችው። ቆይታ ስትመለስ ከተዘጋው በር ፊት ረጅም ሰልፍ ይጠብቃታል። ዞራ ወደ እንዳልክ ትመጣለች።]

ጽጌረዳ፦ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?

እንዳልክ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] አንዷ መጥታ አንኳኳች። አትንካ ብለሽኛል፤ ባለቤቷ የለችም፣ ትንሽ ጠብቂ አልኳት። ጠበቀች። እሷን ያየ ሁሉ ከኋላዋ ቆመ።

ጽጌረዳ፦ ዞሮ ማለፍ አቅቷቸው ነው?

እንዳልክ፦ አንዱ ሊዞር ሲል ተራህን ጠብቅ ብለው ተቆጡት።

ጽጌረዳ፦ በል ኮሚቴው ሳይደርስ በትናቸው።

እንዳልክ፦ ደርሰዋል እኮ። እነሱም ተሰለፉ። ሰብሳቢዋ ሴትዮ ከፊቷ ያለውን ልጅ ስሙን ጠየቀችው። እዚህ ግቢ ሁለት ዓመት ሲማር ስሙን የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገራት። ሲያወሩ ቆዩና ምሳ ልትጋብዘው ይዛው ሄደች።

ጽጌረዳ፦ [ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ] አለቀልኝ። ሳይከፈት ሄዱ።

እንዳልክ፦ አጽድቀውታል። ብቻ በሩ መቼም እንዳይከፈት ብለዋል።

ጽጌረዳ፦ መቼም?

እንዳልክ፦ ሐሳቡ ያለው መዘጋቱ ላይ ነው አሉ። ሊሄዱ ሲሉ ወደ እኔ ዞረው አርቲስቱ ማን ነው ብለው ሲጠይቁኝ የለችም አልኳቸው። እንደ ቀልድ ቆጥረውት፣ አርቲስቱ እኔ መስያቸው እጄን ጨበጡኝ። ሐሙስ ንግግር አለኝ።

ጽጌረዳ፦ ንግግር አለኝ?

[ብድግ ብላ ወደ ሰልፉ ትሄድና የበሩ ባለቤት እሷ መሆኗን ታስረዳለች። ከፊት የቆመው ሰው የሰልፉን መጨረሻ በትህትና ያሳያታል። እሱን አልፋ በሩን ትደበድባለች።]

ጽጌረዳ፦ እንዳልክ፣ ክፈት። ንገራቸው።

እንዳልክ፦ [ከበሩ ጀርባ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ] ማን ልበል?