ክቡር ራ ኬቦናንግ ባርኔጣቸውን ያወለቁ ቀን

በየከተማው «የድሮው ይሻላል» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለጋንዚ ከተማ ሰዎች ግን የደረሰን ዋናው ነው፤ ክቡር ራ ኬቦናንግ («ራ» በእኛ ቋንቋ «አቶ» እንደ ማለት ነው)፣ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ፣ ሄቪ ሜታል የሚሉት የጩኸት ሙዚቃ አባት።

ፀሐዩ አናት ሲበሳ ክቡርነታቸው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ቆዳ ለብሰው፣ ወገባቸው ላይ የውሻ ሰንሰለት አንጠልጥለው፣ ያንን ሰፊ የከብት ነጂ ባርኔጣ ደፍተው ነው ፓምፕ የሚፈቱት። ላቡ ጫማቸው ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። «አይሞቅዎትም?» ሲሏቸው፣ «የድሮው ሙቀት ይሻላል» ይላሉ። ሁለተኛ ልጃቸው የተወለደች ቀን እንኳ «የመጀመሪያዋ አለቃቀስ ይሻላል» ብለው አዋላጇ ከክፍሉ አባራቸዋለች።

«ፊሪ»፣ ማለትም «ጅብ»፣ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን ሲነሳ ግን ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ዘፋኙ ኦቴንግ አብሮ አደጋቸው ነው፤ አንድ በረት ጥግ አንድ ብርድ ልብስ ሲሻሙ ነው ያደጉት። ኦቴንግ ሲያጓራ ጅብ ራሱ ዘመድ መጣ ብሎ ይመልስለታል።

ከአንድ ዓመት ዝምታ በኋላ ፊሪ አዲስ ነጠላ ዜማ አወጣ ተባለና ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ሁለት መቶ የቆዳ ጃኬት። ኦቴንግ መድረክ ላይ ወጣ። ጊታሩ አላጓራም፤ ከበሮውም እንደሚያፍር እንግዳ በር አንኳኳ። እሱ ራሱ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው በቀስታ ማዜም ጀመረ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሰርግ ነው እንዴ?» አሉ ክቡርነታቸው።

«እስቲ ዝም ይበሉ፣ ይጨርስ» አልኳቸው።

የት ሊሰሙኝ! እኛ ባርኔጣ የምናወልቀው መቃብር ላይ ብቻ ነው። እሳቸው አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙና ወደ ፊት ወጡ።

«ፊሪን ልንቀብር ነው የመጣነው! የድሮው ይሻል ነበር፤ ነፍሱን ይማር!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሁለት መቶ ባርኔጣ ወረደ፣ የእኔም ጭምር። ኦቴንግ ዘፈኑን ሳይጨርስ ጊታሩን አስቀምጦ ወረደ።

በማግስቱ ክቡርነታቸው «ቀልድ አይገባውም እንዴ ይሄ ሰውዬ?» እያሉ ቤቱ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። በሩ ላይ ሚስቱ ማ ሴጋሜትሲ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ጉሮሮው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፣ ራ። ዓመቱን ሙሉ የት የነበረ መሰለዎት? ሐኪሙ ሁለተኛ እንዳትጮህ ብሎታል። ‹ቀስ ብዬም ብዘፍን ኬቦናንግ ይሰማኛል› ብሎ ነው ዘፈኑን የሠራው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ያዝንልኛል ብሎ ፈርቶ ነዋ። ይቀብረኛል ብሎማ መቼ አሰበ።»

ክቡርነታቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉት።

«ሲዘፍን መጥቼ እወስደዋለሁ በይው።»

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ፤ ኦቴንግ አልዘፈነም። ይገናኛሉ፣ ሰላም ይባባላሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ በቃ። ባርኔጣው አጥሩ ላይ ነጥቷል፣ ወፍም ጎጆ ሠርታበታለች። ክቡርነታቸው ራሰ በራቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ፓምፕ ሥር ይተኛሉ። ስልካቸው ያንን ነጠላ ዜማ ይዘፍናል፤ ከቀስታነቱ የተነሣ ሞተሩ ካልጠፋ አይሰማም። ሞተሩን ያጠፉታል። ውሃ የጠማቸው ላሞች ይጮሁባቸዋል።

ባለፈው ሳምንት አላስቻለኝም። የራሴን ባርኔጣ፣ ገና አዲሱን፣ አናታቸው ላይ ደፋሁላቸው።

አውልቀው፣ አቧራውን አራግፈው መለሱልኝ።

«የድሮው ይሻላል» አሉ።