ክብርት ሲስተር ማን አሳደደህ

እውነቱን ለመናገር፣ ስለምጽፍላችሁ ሴት ብዙ አላውቅም። የት እንደሚኖሩ፣ ትዳር ይኑራቸው አይኑራቸው፣ ለምን ሁልጊዜ ሁለት ቦርሳ እንደሚይዙ አልጠየቅኋቸውም፤ እኔ እንኳን ይህን፣ ሰዓት መጠየቅም የምፈራ ሰው ነኝ። ዓይነታቸውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዕድሜ ልክህን የሠራኸውን ሥራ እንደ አዲስ ሊያስተምርህ የሚመጣ አሠልጣኝ ያልገባበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም።

ለእኛ ጤና ጣቢያ የደረሱን ሲስተር ናቸው። የመጡት አረጋውያንን እንዴት እንደምናስተናግድ ሊያሠለጥኑን ነው። ከዘበኛው እስከ ሐኪሙ፣ ካርድ ክፍል የምሠራውን እኔንም ጨምሮ፣ ማንም አልቀረም። ሰው ሲጣደፍ ካዩ "ማን አሳደደህ?" ይላሉ። ዘበኛው በዚሁ ስም አጠመቃቸው።

በመጀመሪያው ቀን አግዳሚ አባረሩ። ተራ መጠበቂያው ውስጥ የነበረውን ሁሉ ወደ ዕቃ ቤት አስጋዙት። ኃላፊያችን ደንግጠው፣ "ኧረ ሲስተር፣ አግዳሚው ምን በደለ?" አሉ።

"እጅ የለውማ! ሽማግሌ ሰው ምኑን ይዞ ይነሣ? የእርስዎን ከረባት?"

በማግስቱ ሐኪማችንን አስረጁት። መነጽሩን ቫዝሊን ቀቡ፣ ጆሮውን በጥጥ ደፈኑ፣ ጫማው ውስጥ ደረቅ ባቄላ ጨመሩና "በል ልጄ፣ ላቦራቶሪ ደርሰህ ና" አሉት። ምስኪን፣ የጽዳት ዕቃ ክፍል ገብቶ ለመጥረጊያው ሰላምታ ሰጠ። አንዲት ነርስ ጎትታ አውጥታ ላቦራቶሪ አደረሰችው። እዚያ ያለው ባለሙያ ልማድ ሆኖበት ወደ ነርሷ ዞሮ፣ "ምናቸውን ነው የሚያማቸው?" ሲል ሐኪሙ ጮኸ።

"እኔ አለሁ አይደል እንዴ! እኔን ጠይቀኝ!"

ሲስተር እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። "እሰይ! ባለቤቱ እያሉ አስታማሚውን ምን አስጠየቀህ?" ከዚያ ቀን ጀምሮ "ባለቤቱ አሉ አይደል?" የጤና ጣቢያው ጸሎት ሆነ።

ሁሉም ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም። ይኸው ሐኪም ከሥልጠናው በፊት፣ ለእግሩ ቁስል ያመጣሁትን፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር የሆነውን አባቴን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ እኔን "ሽንታቸውን ይቆጣጠራሉ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔም መለስኩ! ቤት እንደደረስን አባቴ፣ "ጋራዥ ያስገባኸኝ መሰለህ? አንተ ባለመኪና፣ እሱ መካኒክ ሆናችሁ በላዬ ላይ ታወራላችሁ። ሁለተኛ አልሄድም!" አለ። እንዳለውም ቀረ። የእግሩ ቁስል ግን እየሰፋ፣ ሽታው ካልሲውን እያለፈ መጣ። እግሩ እንዳይቆረጥ ፈራሁ።

ይህን ለሲስተር ልነግር እስከ በራቸው እየሄድኩ ስንቴ ተመለስኩ። በመጨረሻ ስተነፍሰው "አይዞህ" እንኳን አላሉኝም።

"ቁስሉን አታንሣባቸው። ሲስተር አስተማሪ ቸግሯታል በላቸው። እነዚህን ልጆች የሚቆጣልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

አባቴ ደግሞ ሰው እንዲቆጣ ተጋብዞ እምቢ ብሎ አያውቅም። ኮቱን ለብሶ መጣ። በአግዳሚው ፋንታ የገባው ባለእጅ ወንበር ላይ ተሰየመና ጉዳችንን ዘረገፈው፤ ከመሃላችን ቀና ያለ አልነበረም። ሲጨርስ ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ወደ እኔ ዞር ሊል ሲል ሲስተር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አባቴ፣" አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ "እግርዎን እንዳየው ይፈቅዱልኛል?"

አባቴ ከላይ እስከ ታች አየው። "እሺ። ግን ፍጥነት ቀንስ፤ መንገዱ ጎርባጣ ነው።"

ቁስሉ ታጥቦ ታሸገ። በጊዜ መምጣቱ እግሩን እንዳተረፈለት፣ እስኪሽር ግን መመላለስ እንዳለበት ሐኪሙ ነገረው። ለእሱ ነው የነገረው፤ ለእኔ አይደለም። ከዚያ አባቴና ሲስተር ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ። አባቴ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ፣ ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ።

የሥልጠናው መጨረሻ ነበር። ሳልጠግባቸው ሊሄዱብኝ ነው ብዬ በኮሪደሩ ሮጬ ደረስኩባቸው።

"ማን አሳደደህ?"

"ሲስተር፣" አልኩ፣ ያለኝን ድፍረት ሁሉ አሟጥጬ፣ "አባቴ ስለ እኔ ምን አለዎት?"

ሁለቱን ቦርሳቸውን አስተካከሉ። አባቴ ወደተቀመጠበት ወንበር ዞር ብለው አዩና ፈገግ አሉ።

"ባለቤቱ አሉ አይደል?"