የማይሰርዙት ሊቀመንበር

በየከተማው አንድ የማያረጅ ወጣት አለ። እኩዮቹ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይሸብታሉ፤ እሱ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ቆሞ ሥራ ይጠብቃል።

የሞላሌው ወጣት ክቡር ሊቀመንበር ወንድምአገኝ ናቸው። ጢማቸው ነጭ ጣል ጣል ቢያደርግበትም ሥራ አገኙ ወይ ለሚላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እየተደራጀን ነው።»

ማኅበራቸው ሱፍ ፈትሎ ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ሊሸምን ሲቋቋም አሥር አባላት ነበሩት። መንግሥት የሚሰጠው የመሥሪያ ሼድ ሲጠበቅ አወቀ አዲስ አበባ ገባ፤ ጌታነሽ ዐረብ አገር ሄደች፤ ይሥሐቅ ታሞ አረፈ፤ የቀሩትም አንድ በአንድ በነኑ። ሊቀመንበሩ ግን ስም አይሰርዙም። ቅዳሜ ማለዳ፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ከተማዋን ሲውጣት፣ ሼዱ ይሠራበታል በተባለው ባዶ መሬት ላይ ቆመው መዝገብ ይገልጣሉ።

«አወቀ።» ጭጭ። «አለ» ይላሉ ራሳቸው። «ጌታነሽ።» ጭጭ። «አለች።»

በእግሯ ቆማ የምትሰማቸው በኋላ የገባችው ጽናት ብቻ ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የእናቷን ጓዳ በፈትል ሞልታ፣ ገዢም አግኝታ ተቀምጣለች። የማኅበሩ ደንብ ግን አባል የሆነ ለብቻው ንግድ ፈቃድ እንዳያወጣ ይከለክላል። መልቀቂያ ስትለምናቸው ስድስት ወር ሆናት።

አንድ ቅዳሜ «ይሥሐቅ» ሲሉ ከጉሙ ውስጥ «አቤት» የሚል ድምፅ መጣ።

ጽናት ወደ ገደሉ ዞረች። የገደል ማሚቶ እንዳትለው፣ ማሚቶ የሰማውን ይደግማል እንጂ ሲጠሩት አይመልስም። ሊቀመንበሩ ሳይደነግጡ መዝገቡ ላይ የ«አለ» ምልክት አደረጉ።

«ጋሼ፣ እኔ እዚያ ውስጥ ሆኜ አቤት ማለት አልፈልግም» አለች።

ሊቀመንበሩ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ሬሳ እንደሚገንዝ ሰው ቀስ ብለው ስሟን ሰረዙት፤ መልቀቂያውንም ጻፉላት። ወረቀቱ እርጥብ ነበር፤ ጽናት ጉሙ ነው ብላ አለፈችው።

በሳምንቱ ፈቃዷን አወጣች። ስንት ሰው ትቀጥሪያለሽ ሲሏት አንድ ብላ ነበር።

ቅዳሜ ስትመጣ እሳቸው ስም እየጠሩ ነው። እስኪጨርሱ ታገሰች። መዝገቡ ሲታጠፍ፣ ማንም ጠርቶት የማያውቀውን ስም ጠራች።

«ወንድምአገኝ።»

ሰውየው ሌላ የተጠራ መስሎት ወደ ኋላው ዞረ። ከጉሙ የመለሰ የለም።

«ሱፍ የሚያባዝትልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ጋሼ።»

መዝገቡን ብብቱ ውስጥ ከተተ። «ሰኞ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ፤ ድምፁ የሊቀመንበር አልነበረም።

«ምን ሰኞ አለው፤ አሁን ነው እንጂ።»

ጉሙ መንገዱን ስለሸፈነው፣ ክንዱን ይዛ ወሰደችው።