የኢንግሪድ የወርቅ ሳጥን

እውነት መናገር ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች የእኔን እናት አያውቋትም። ያውም ለመልአክ በተሳለችው ነገር። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩ ነበር?

ቫይትቬት በሚባለው የስደት ሰፈራችን፣ ከእኛ ፎቅ በታች ኢንግሪድ የምትባል አሮጊት ትኖር ነበር። መንገዱ በረዶ ሲሆን ወተትና ዳቦ የምታመጣላት እናቴ ነበረች። ኢንግሪድ ወደ ሲኬየም፣ ማለት ወደ አረጋውያን መኖሪያው ስትገባ፣ መዳፍ የማትሞላ ሳጥን ሰጠቻት። ዙሪያዋ ወርቅ፣ ክዳኗ እንደ መስታወት የሚያበራ ሰማያዊ ኢናሜል። «ከአያቴ የወረስኩት ንጹሕ ወርቅ ነው» አለቻት። እናቴም ለክብሯ የሚመጥን ነገር አስቀመጠችባት፦ ከገዳም የመጣ እምነት። እኔና ወንድሜ ራሳችንን ባመመን ቁጥር ከዚያ የተባረከ አመድ ግንባራችንን ትቀባናለች።

አምና ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ሆስፒታል ስገባ፣ «የኔ ገብርኤል፣ ልጄን አውጣልኝ፤ ወርቄን አስገባልሃለሁ» ብላ ተሳለች። ዳንኩ። ንግሡ ሲቃረብ «አስወልውያት» ብላ እምነቱን ገልብጣ፣ ሳጥኗን አስይዛ ከተማ ወደሚገኝ የድሮ ዕቃ መሸጫ ላከችኝ።

ሰውዬው በማጉያ መነጽር እያገላበጠ አያት። «ቆንጆ ናት። ግን ወርቅ አይደለችም፤ የወርቅ ቅብ ነሐስ ናት። እውነተኞቹን የድሮ ሀብታሞች ያሠሩ ነበር፤ ይቺ ቆይቶ እነሱን አስመስለው ከሠሯቸው ናት።» ቀጥሎ በአፍንጫው የመሳብ ምልክት አሳየኝ። የሱረት መያዣ ነበረች! የክፍሌ ልጆች ከከንፈራቸው ሥር የሚወትፉት የስኑስ ትምባሆ ዘመድ።

በቲባኔው ባቡር ስመለስ በየጣቢያው አንድ ዐረፍተ ነገር እጀምርና በሩ ሲዘጋ እተወዋለሁ። ዝም ካልኩ እናቴ በሕዝብ ፊት ነሐስን ወርቅ ብላ ልታስገባ ነው። ከተናገርኩ ደግሞ ያቺ ደስታዋ አለቀች።

ተናገርኩ።

«ወርቅ አይደለችም?»

«ናይ፣ አይደለችም እማ። ነሐስ ናት። ደግሞ… የትምባሆ ናት።»

«የምን?» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ይህን ሁሉ ጊዜ ልጆቼን ትምባሆ ስቀባ ኖርኩ በይኛ!» ሳቀች።  ከዚያ የወርቅ ጆሮ ጌጧን መፍታት ጀመረች። ከአገር ስትወጣ እናቷ ከራሷ ጆሮ አውልቃ ያደረገችላትን።

«እማ፣ ተይ! ገብርኤል እኮ ይረዳል።»

«እሱማ ይረዳል። እኔ ነኝ የማልረዳው። አንቺን የሚያህል ልጅ በነሐስ ላስለቅቅ?»

የንግሡ ቀን ጌጧ ገባ። ባዶ ጆሮዋን ባየሁ ቁጥር፣ አልዋሻችሁም፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው እል ነበር።

በሳምንቱ ኢንግሪድን ልንጠይቅ ላምበርትሴተር ወዳለው ሲኬየም ሄድን። ዋፍል ቀረበልን። ኢንግሪድ የእናቴን እጅ ይዛ፣ «ሳጥኔን ደህና ቦታ አስቀመጥሽልኝ? ንጹሕ ወርቅ ነው እኮ» አለች።

በመልአክ ፊት አንድ ቃል ያላዛነፈችው እናቴ፣ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። «ያ፣ ያ፣ አዎን ኢንግሪድ። ንጹሕ ወርቅ!»

ከጠረጴዛው ሥር ግን እግሬን ረገጠችኝ፤ እንደ ልማዴ እውነቱን አፍርጬ እንዳልናገር።