ቦት የዋጠው ደረቅ መሬት

[በኢኳዶር ተራሮች አናት፣ ጉም የማይለየው የቱሩፓምባ ሣር ሜዳ። ከከተማ በቀጥታ የመጣው የልማት ፕሮጀክት ኃላፊ ኢንጂነር ዊልመር አንድ እግሩ በቦት፣ አንድ እግሩ በካልሲ ቆሟል። የመንደሩ ውሃ ጠባቂ፣ መንደርተኛው «ታይታ» (አባባ) የሚላቸው ኢላሪዮ፣ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ ሰው፣ የሱፍ ፖንቾአቸውን ተከናንበው የገብስ በሶ ይቅማሉ።]

ዊልመር፦ አልጣልኩትም እያልኩህ! መሬቱ ነው የዋጠው!

ኢላሪዮ፦ መሬት ቦት አይበላም፣ ኢንጂነር። እርስዎ ነዎት ያጎረሱት።

ዊልመር፦ ስንት አገር ዞሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ባለጌ መሬት አላየሁም! ድንች አያበቅል፣ ገብስ አያበቅል። ሣር ብቻ! ባዶ! ደረቅ!

ኢላሪዮ፦ ደረቅ?

ዊልመር፦ ደረቅ! [ካልሲውን አውልቆ ይጨምቃል፤ ውሃው እንደ ቧንቧ ይወርዳል።]

ኢላሪዮ፦ እውነትዎን ነው። ክው ብሏል።

ዊልመር፦ ለዚህ እኮ ነው የፈረንጅ ጥድ ያመጣሁላችሁ። ዛፍ ካለ ውሃ አለ። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል።

ኢላሪዮ፦ እኔ እንኳ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም። እስቲ ልጠይቅዎ፣ ዛፉ ውሃ ይጠጣል ወይስ ይሰጣል?

ዊልመር፦ [ወደ ሰማይ አንጋጦ] ፈጣሪ ሆይ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ! ዛፉ ውሃውን ይጠብቃል! ይ-ጠ-ብ-ቃል!

ኢላሪዮ፦ ውይ! ታዲያ እኔን ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው?

ዊልመር፦ ማነው አንተን... ኧረ በሕግ! ዛፍ ነው የምልህ፣ ዛፍ!

ኢላሪዮ፦ ገባኝ፣ ዘበኛ ነው። ከኮረብታው ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችንም ከሃያ ዓመት በፊት እሱኑ ቀጥረው ነበር።

ዊልመር፦ ታዲያስ! ዛሬ ግርማ ያለው ደን አላቸው!

ኢላሪዮ፦ አላቸው እንጂ። ጠዋት ደኑን ያዩና ጄሪካናቸውን በአህያ ጭነው ከኛ ምንጭ ሊቀዱ ይመጣሉ።

ዊልመር፦ እሱ የአየር ንብረት ለውጥ ነው!

ኢላሪዮ፦ ይሆናል። ኮረብታው ጋ ሲደርስ ደክሞት ቆመ ማለት ነው።

ዊልመር፦ ስማ፣ ሽማግሌ! ዘላቂ ልማት የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?

ኢላሪዮ፦ እንዴታ! በየዓመቱ አዲስ ሰው እየመጣ ይነግረናል። እኛ የምናውቀው ይሄ ሣር ጉሙን እንደሚይዝ፣ ሥሩ ያለው እርጥብ መሬት ደግሞ በጋውን ሙሉ ጠብ ጠብ እያደረገ ምንጫችንን እንደሚሞላ ነው። አርባ ስድስት ቤት ሌላ ውሃ የለውም።

ዊልመር፦ ሣር ጉም ያዘ! እጅ አለው እንዴ? [ይስቃል፤ ወዲያው ሰዓቱን ያይና ሳቁ ይጠፋል።] ወሬውን ተወው! እኩለ ቀን ላይ ከውጭ እንግዶች ይመጣሉ። ደን ካላዩ የምባረረው እኔ ነኝ፣ ገባህ? አራት መቶው ችግኝ ትናንት ተተክሏል ብለህ በስልክ ነግረኸኛል። የታለ? አንድም አይታየኝም!

ኢላሪዮ፦ ተተክሏል። የሚንጋ ደቦ ጠርቼ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ፣ እስኪመሽ ቆፈርን። ማን ይቀራል፣ ሚንጋ እኮ ነው።

ዊልመር፦ የት?

ኢላሪዮ፦ ደብዳቤዎ ባለው ቦታ ነዋ። [ከፖንቾው ሥር ወረቀት አውጥተው ይዘረጋሉ።] ጸሐፊያችን ሁለት ጊዜ አነበበልን። «ችግኙ ባዶ በሆነ፣ ለማንም በማይጠቅምና ሥራ በማይሠራበት መሬት ላይ ይተከል።» ማኅተምዎ ይኸው።

ዊልመር፦ እኮ እዚህ! እዚህ ማለቴ ነው!

ኢላሪዮ፦ እዚህማ ሣሩ ሌት ተቀን ይሠራል! ግራ ገባንና ስብሰባ ተቀመጥን። አንዱ መቃብር ቦታው ይሁን አለ፤ እዚያ እንኳ ሙታን ያርፉበታል ተባለ። ሌላው የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ አነሣ፤ ቄሱ እሁድ እሁድ ይሠራሉ። በመጨረሻ ባለቤቴ ብድግ ብላ ቦታውን ስትናገር ጉባኤው በጭብጨባ ተናጋ።

ዊልመር፦ የት... የት ይተከል አለች?

ኢላሪዮ፦ የፕሮጀክቱ ቢሮ ግቢ።

ዊልመር፦ ምን?!

ኢላሪዮ፦ ሦስት ዓመት ተመላልሰናል። ሥራ ሲሠራበት ያየ እጁን ያውጣ ተባለ፤ አንድ እጅ አልወጣም። ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ጠቅጥቀን ተከልን። ለእንግዶቹ አያስቡ፣ ደን ያያሉ። ቢሮ መግባት ግን እንግዲህ በመስኮት ነው።

ዊልመር፦ አስነቅለዋለሁ! ዛሬውኑ!

ኢላሪዮ፦ ኧረ ቀስ! ከሥር ደግሞ «ችግኝ የነቀለ ማንኛውም ሰው ከፕሮጀክቱ ይሰረዛል» ይላል። ፊርማውም የእርስዎ ነው።

[ዊልመር እርጥቡ ሣር ላይ ዘጭ ይላል። ደረቁ መሬት ሱሪውን ያበሰብሰዋል።]

ዊልመር፦ ታይታ... ታይታ ኢላሪዮ፣ እባክዎ! የውሃ ጉድጓዳችን እኮ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው! አራት መቶ ጥድ ጥርግ አድርጎ ነው የሚጠጣው!

ኢላሪዮ፦ [በሶው እጃቸው ላይ ቀርቶ] እንዴ! ለካ ይጠጣል?

[ኢላሪዮ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ጭቃው ውስጥ ከተው ቦቱን መንጭቀው ያወጣሉ፤ አፉ ድረስ ውሃ ሞልቷል።]

ኢላሪዮ፦ እንካ ጫማህን፣ ልጄ። ውሃውን ግን እዚሁ ድፋ፤ የአርባ ስድስት ቤት ነው።