ተርቦ ነው

ዛሬ ብርዱ አይጣል ነው። የጭላሎ ተራራ ጉሙን እየጎተተ እስከ ጣራችን ድረስ አውርዶታል። እንዲህ ባለ ቀን ሆድ ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል። የኔ ሆድ እንኳ፣ በዚህ ዕድሜው፣ ሌላ ቁርስ አምጪ እያለ ሲነዘንዘኝ ነው ያረፈደው። የልጄ የደረጀ ሆድ ግን ዝም ካለ ወራት አለፉ።

ይኸው ደጅ፣ አጥሩ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አስፋልቱን ያያል። አጠገቡ ጭኮ አስቀምጬለታለሁ። ገብሱን ራሴ ቆልቼ፣ ራሴ አስፈጭቼ፣ በቅቤ ለውሼ። ጠዋት ከድኜ እሰጠዋለሁ፣ ማታ እንደተከደነ እቀበለዋለሁ። ሲጨንቀው እንዳይሞት ያህል ብቻ ይቀምሳል። የቀረውን ዶሮዎቼ ይበሉታል። እናንተዬ፣ በአሰላ ከተማ በቅቤ የተለወሰ ጭኮ እየበሉ የሚያድሩ ዶሮዎች ያሏት ሴት ከኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። ወፍረው ወፍረው አጥር መዝለል አቅቷቸዋል። እነሱ ሲወፍሩ ልጄ ከሳ።

ምን ሆኖ ነው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ የአንዲት ቃል ነገር ነው። ወደ ቃሏ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ሞተር ጥቂት ላውራችሁ። ምን ያስቃችኋል? አሮጊት ስለ ሞተር አታወራም ያለ ማን ነው?

ቤታችን የአዳማው መንገድ አሰላ ሲገባ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። የሚወጣውም የሚወርደውም የጭነት መኪና ጉዱን የሚያወጣው እኛ ደጅ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኤንትሬ ነበር የሚነዳው። ያንን ግንባረ ሰፊ የጣልያን መኪና ታስታውሱታላችሁ? ዳገቱን ሲወጣ ጉሮሮውን እየጠረገ እንደሚናገር ሽማግሌ ነበር። ከመዘግየቱ የተነሣ ባለቤቴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቤት ደህና ናችሁ?» ይለኛል፤ እኔ የልጆቹን ጤና፣ የላሟን መውለድ፣ የጎረቤቱን ጠብ ነግሬው ስጨርስ ገና የአጥራችንን ጫፍ አላለፈም። እራት ላይ የሚወራ ነገር አይተርፈንም ነበር።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ መኪናው ያስነጥሳል። ፍፍፍስ! ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ገና ሙሽራ ሳለሁ ነገረኝ። ጭሱ በሚወጣበት ቧንቧ ውስጥ አንዲት ክዳን አለች አለኝ። ቁልቁለት ላይ ክዳኗን ሲዘጋት ሞተሩ ትንፋሹን ይይዝና መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሞተር ፍሬን ይሏታል። የእግር ፍሬን ብቻ ከሆነ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አይዝም። እኔም ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ወደ አዳማ ሲወርድ ያችን ማስነጠስ ሳልሰማ ወደ ጓዳ አልመለስም። ፍፍፍስ ሲል «ይማርህ!» እልና ሥራዬን እቀጥላለሁ።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። ደረጀ አይሱዙ ገዛ። ሦስተኛ ባለቤቱ ይሁን አራተኛ እንጃ፤ ቀለሙ ብቻ ብዙ ሰው እንደነዳው ይናገር ነበር። ጓደኛው ከድር የጎበሳ ከተማ ልጅ ነው፤ እሱም አይሱዙ አለው። ሁለቱ ስንዴ ከጎበሳ ይጭናሉ፣ እኔ ቤት ምሳ በልተው ወደ አዳማ ይወርዳሉ። ከድር እኔን «አዮ» ነበር የሚለኝ፣ በነሱ ቋንቋ እናቴ እንደማለት። ገና ዳገቱን ሲወጣ በጥሩምባ ይጠራኛል። ሥጋ አላቀርብለትም፣ እሱም አይጠይቀኝም፤ ጭኮ ላይ ግን የሃይማኖት ልዩነት አልነበረንም።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ነው እንግዲህ ጉዱ። ሁለቱ ስለ ሞተር ይከራከራሉ። የኔ ሞተር እንዲህ ነው፣ ያንተ እንዲያ ነው። ደረጀ ዳገት ላይ ሁልጊዜ ለምን እንደምትቀድመኝ አይገባኝም ሲለው፣ ከድር ደረቱን ነፍቶ፣

«የኔ ተርቦ ነው!» አለ።

እኔ ደነገጥኩ። የሱ ማን ነው ተርቦ ያለው? ልጁን ይሆን ረዳቱን መኪናው ውስጥ ትቶ እሱ እዚህ ቁጭ ብሎ ይበላል? ሰሃን ሞልቼ ጭኮ ይዤ እየተቻኮልኩ ወደ ደጅ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ማንም የለም። ተመልሼ «ማነው የተራበው?» ብል ሁለቱም መሬት ላይ ተንከባለሉ። ለካ ተርቦ የሚሉት ሞተሩ ላይ የሚገጠም ነገር ነው፤ አየር እያፈሰ የሚያጎርሰው፣ ሲሠራ የሚያፏጭ። እኔ ምን አውቄ! ኤንትሬው ጠግቦም ተርቦም አያውቅም ነበር።

ደረጀ እንባውን እየጠረገ ሲስቅ፣ ከድር ግን ሰሃኑን ከእጄ ተቀበለኝ። «አዮ፣ ወላሂ ልክ ነዎት። ሞተሩ ተርቦ ነው፤ ግን እሱ አፍ የለውም። እኔ እበላለታለሁ» ብሎ ጠርጎ በላው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለት ሰሃን ነው። አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለተርቦው።

ደረጀ ግን ከሳቁ በኋላ ነገሩ ሆዱ ውስጥ ቀረ። የሱ ሞተር ተርቦ የለውም። አዲስ መግዛት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? በእጁ ያለውን ሞተር ማባበል ጀመረ። መጀመሪያ የናፍጣውን ፓምፕ ከፈት አደረገው፤ መኪናው እንደ ክረምት ምድጃ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያጠብኩትን ልብስ አጠቆረው። ቀጥሎ ድምፅ ማፈኛውን፣ ማርሚታ የሚሉትን፣ ቆርጦ ጣለው፤ የጎረቤታችን ላም ወተት ከለከለች። አንድ ቀን ደግሞ የጭኮ ገብስ ልነፋ ብል ወንፊቴ የለም። ቤቱን ሁሉ አመሰቃቀልኩ። በመጨረሻ የት ባገኘው ጥሩ ነው? አየር መሳቢያው አፍ ላይ በሽቦ ታስሮ! የፋብሪካው ማጣሪያ ትንፋሽ ይከለክለዋል ብሎ አውጥቶ፣ የኔን ወንፊት ገጥሞበታል።

«አንተ! ምን እየነፋህበት ነው?» አልኩት።

«አየር ነዋ እማ» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ከዚያ አዳማ ከአሮጌ ብረት ተራ፣ ከተፈታታ መኪና የወጣ ተርቦ ይዞ መጣ። እንደ ሕፃን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። እዚሁ ግቢ ውስጥ ሲበይድ፣ ሲፈታ፣ መልሶ ሲያስር ሰነበተ። ቦታው ጠበበው። አንድ ቀን ቆርጦ ከጣላቸው ብረቶች መካከል አንዲት ክብ ክዳን አየሁ። አነሣኋትና ምንድን ናት አልኩት።

«ሞተር ፍሬኗ ናት። ለተርቦው ቦታ ከለከለችው፤ ትንፋሽም ታፍናለች።»

«ታዲያ ቁልቁለት ላይ በምን ያስነጥሳል?»

«እማ፣ ማስነጠስ የአሮጌ መኪና በሽታ ነው። ይኼ ድኗል» አለኝ።

አባቱ የነገረኝን ነገርኩት። በእግር ፍሬን ቀስ ብዬ እወርዳለሁ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። እኔም ከደጅ ቆሜ እሰማለሁ፤ የማስነጠስ ድምፅ የለም፤ «ይማርህ» የምለው አጥቼ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። ከጎበሳ ስንዴ ጭነው ሲመጡ መንገድ ላይ ካለው ዳገት ላይ ደረጀ ለመጀመሪያ ጊዜ ከድርን ቀደመው። ከድር ቤት የገባው እየጮኸ ነው።

«አዮ፣ ጉድ ሆንኩልዎ! ልጅዎ ዛሬ አዋረደኝ! አሮጊቷ መኪና እንደ ፈረስ ጋለበች!»

«ወንፊቴ ናት የጋለበችው» አልኩት።

የዛን ቀን ልጄ ፊት ላይ ያየሁትን ደስታ ሠርግ ላይም አላይም። ከድር አይቀናም፤ ይልቅ መኪናውን ካላየሁ ብሎ ሙጭጭ አለ። እስከ አዳማ እኔ ያንተን ልንዳ፣ አንተ የኔን ንዳ፣ የማን ሞተር እንደሚበልጥ በእግራችን እንስማው አለው። ደረጀ ከደስታው ብዛት ቁልፉን ወረወረለት። እየጎረሰም «ክዳኗ የለችም እሺ? በፍሬን ቀስ እያልክ» አለው። ከድርም «እሺ፣ እሺ» አለ፣ አፉ ሞልቶ። ሁለቱንም ሰሃን በላ። የራሱንም፣ የተርቦውንም። ሲወጣም «አዮ፣ ዛሬ የምበላው ለልጅዎ ተርቦ ነው፣ ይጨምሩልኝ» ቢለኝ በእጁ አስያዝኩት።

ወረዱ። እኔ ደጅ ቆምኩ። ከኋላ የሄደው፣ ደረጀ የያዘው የከድር መኪና፣ ፍፍፍስ አለ። ከፊት ያለው ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደረጀ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ። ቁልቁለቱ ሲበረታ የፊተኛው መኪና ጎማ መጨስ ጀመረ። ደረጀ ከኋላ ጥሩምባ ነፋለት፣ መብራት አበራለት። ከድር እጁ የለመደው የራሱን መኪና ነው። ክንዱ ወደ ሞተር ፍሬኑ ሲሄድ በጎን መስታወቱ አየሁት አለኝ፤ አንዴ፣ ደግሞ መልሶ፣ ደግሞ መልሶ፣ የሌለችውን ክዳን ሲጎትት። ከዚያ ኩርባው ላይ መኪናው አልታጠፈም።

ስንዴው ገደሉን ሙሉ ፈሶ ነበር ይላሉ።

ለቅሶው ጎበሳ ነው። ደረጀ መጥቶ ከድንኳኑ ውጭ ቆመ፣ ማንም ና ግባ ቢለው አልገባም። እኔ ከሴቶቹ ጋር የከድርን እናት ሐዋን ከብበን ተቀመጥን። አታለቅስም። ድንኳኑ ማዶ ሾፌሮች ተሰብስበው ያወራሉ። አንዱ አዲስ መጪ «ምን ሆኖ ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀ።

«ተርቦ ነው» አለው ሌላው።

ሐዋ አንገቷን ቀና አደረገች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው። ገበያ ላይ ደግሞ ይቺ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያላት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት፤ እስካሁን ሞቱን ችላው ነበር፣ ይህን ግን አልቻለችውም። ወደኔ ዞራ እጄን ያዘችና በኦሮምኛ፣

«ቤላኤ ዱኤ?» አለችኝ። ልጄ ተርቦ ሞተ?

እናንተ፣ በዚያች ሰዓት ስለ ሞተር ምን ተብሎ ይነገራል? የጭስ ቧንቧ፣ ክዳን፣ አየር የሚያጎርስ ብረት… ለማን? እኔም በራሷ ቋንቋ፣ «ኛቴራ» አልኳት። በልቷል። ከኔ ቤት ነው የወጣው፣ በገዛ እጄ አብልቼዋለሁ። የገብስ ጭኮ፣ በቅቤ። ሁለት ሰሃን በልቷል፣ ለመንገድም ይዟል አልኳት። ጠግቦ ነው? አለችኝ። ጠግቦ ነው፣ እየሳቀ ነው የወጣው አልኳት። ያኔ ነው ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ጥላ ማልቀስ የቻለችው።

ደረጀ ይህን ሁሉ ከውጭ ሆኖ ሰምቷል። የሐዋን ጥያቄም ሰምቷል። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው እንግዲህ ጉሮሮው የተዘጋው። ጓደኛዬ ዳግም ላይበላ እኔ ምን ብዬ ልዋጥ ነው መሰለኝ ነገሩ። ሐኪም አይቶት ሆዱ ደህና ነው አለ። ሆዱ ደህና እንደሆነማ እኔም አውቃለሁ። የሐዋ ጥያቄ ነው ጉሮሮው ላይ የቆመው። «አንተ አይደለህም» ብዬው አውቃለሁ፤ ውሸት መሆኑን ሁለታችንም ስለምናውቅ ተውኩት። ያችን ክዳን ወርውራት ብዬ ብለምነውም አልጣላትም። እሷን ይዞ ነው ድንጋዩ ላይ የሚውለው።

ታዲያ አሁን፣ ይህን እያወራኋችሁ ሳለሁ፣ ከጉሙ ውስጥ ከዳገቱ ሥር ድምፅ ተሰማ። ሁለታችንም ወዲያው አወቅነው። የከድር አይሱዙ ነው። አሁን ታናሽ ወንድሙ ነው የሚነዳው። ሌላ ጊዜ ደረጀ ያንን ድምፅ ሲሰማ ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይገባል። ዛሬ አልተነሣም። መኪናው እያፏጨ፣ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። ደጃችን ሲደርስ ወንድምየው፣ ማን እንደነገረው እንጃ፣ እንደ ከድር ጥሩምባውን ነፋልኝ።

ደረጀ ቀና አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ቃል ከአፉ ወጣ።

«ተርቦ ነው» አለ፣ ለራሱ።

እኔ እንግዲህ የመኪናን ተርቦ ከሰው ተርቦ ከለየሁ ቆይቻለሁ። ሆኖም ምንም እንዳልገባኝ ሆኜ ሰሃኑን ከፍቼ ጭኖቹ ላይ አስቀመጥኩለት።

«እማ፣ እሱን እኮ ነው» አለኝ፣ ወደ መንገዱ እያሳየኝ።

«አውቃለሁ። እሱ አይችልም። አንተ ብላለት።»

እሱ ያልኩት መኪናውን ይሁን ሌላ አልጠየቀኝም። መኪናው ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ አይቶ፣ ክዳኗን ከእጁ አወረደና ድንጋዩ ላይ አኖራት። ከዚያ ጎረሰ። ደገመ። እንባው ጭኮው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሱ ግን መጉረሱን አላቆመም። ጨው እንዳይበዛበት ብዬ ቀልጄ ነበር፤ አልሰማኝም።

ሰሃኑን ሲመልስልኝ ባዶ ነው። ዶሮዎቼ እንደ ለመዱት እግሬ ሥር ተሰብስበው ቀና ቀና እያሉ ያዩኛል።

ምን ላድርጋቸው? ዛሬ የሚያድሩት ተርበው ነው።