እስከ አማት ደጅ የተተከሉ ጣሳዎች

ወንዳፈረው፦ ጣሳው አፉን ወደ ታች ነው የሚደፋው አልኩህ።

ተገኘ፦ ወደ ላይ ቢሆን ምን አለበት፣ ጋሼ?

ወንዳፈረው፦ ዝናብ ይሞላዋላ። በነሐሴ ወር አፉን የከፈተ ጣሳ ይተከላል?

ተገኘ፦ ቢሞላስ? ወፍ ይጠጣበታል።

ወንዳፈረው፦ እኔ የመንገድ ምልክት እተክላለሁ፣ አንተ ስለ ወፍ ታስባለህ።

ተገኘ፦ እኔስ ያሰብኩት ስለ መንገደኛው ነበር። መንገደኛ እንዲህ የተደፋ ጣሳ ሲያይ...

ወንዳፈረው፦ ያያል። እንዲታይ አይደል የምተክለው? ያዝልኝ እንጨቱን።

[ነሐሴ 1956 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጧት፤ ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ። ወንዳፈረው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ለመንግሥት ጸሐፊነት ሆሳዕና ተመድቦ መጣና የአገሩን ልጅ ውቢትን አግብቶ ቀረ። የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም እስካሁን አልደረሰበትም። ተገኘ የውቢት ወንድም ነው፤ ሆሳዕና ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወንደላጤ አናጢ። ንግግሩ ዝግ ያለ ነው። እሱ አንድ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ ወንዳፈረው ሦስት ነገር ጀምሮ ይጨርሳል፤ ስለዚህም ወንዳፈረው ተገኘን ትንሽ ደነዝ ነው ብሎ ካመነ ቆይቷል።]

ተገኘ፦ ጣሳውን ግን ከየት አመጡት፣ ጋሼ?

ወንዳፈረው፦ ከሰይፈሥላሴ ሱቅ። ባዶ የድልህ ጣሳ ነው፣ ሊጥለው ነበር።

ተገኘ፦ ለምን እንደፈለጉት አልጠየቀዎትም?

ወንዳፈረው፦ ጠየቀኝ እንጂ። መንገድ ዳር በእንጨት ላይ ልሰካው ነው ስለው ከት ብሎ ሳቀና «ይቅናዎት፣ ገበያው ይድራልዎት» ብሎ መረቀኝ።

ተገኘ፦ እና ምን አሉት?

ወንዳፈረው፦ አሜን አልኩት። ነጋዴ ከገበያ ሌላ ምርቃት ከየት ያመጣል?

[ነገሩ የተጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ወንዳፈረው አንድ የድሮ መጽሔት ላይ ክረምት በእግር መንሸራሸር ለልጅ ደረት ይበጃል የሚል አነበበ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ውቢትንና የአራት ዓመት ልጁን ጵርስቅላን አስከትሎ፣ ተገኘን ስንቅ አሸክሞ፣ የከተማውን ዙሪያ የእግር መንገድ አንድ በአንድ ያስሳል። ከዘጠኙ ቅዳሜ በስድስቱ ጠፍተዋል። ባለፈው ሳምንት እንሰት ለእንሰት ሲዞሩ አንድ ቤት ደጃፍ አራት ጊዜ አለፉ፤ በአራተኛው የቤቲቱ እመቤት ወጥታ ምሳ ሰጠቻቸው። የዛሬዎቹ አሥራ ሁለት ጣሳዎች ሲመለሱ እንዳይጠፉ የታሰቡ ናቸው።]

ተገኘ፦ ጋሼ፣ እዚህ አገር ሰው ጣሳ በእንጨት ላይ ሲያይ...

ወንዳፈረው፦ ተገኘ፣ ዛሬ አታድክመኝ። ዛሬ ዋዛ ቀን አይደለም።

ተገኘ፦ እሱንስ አውቃለሁ።

ወንዳፈረው፦ አባትህ ቤቴን ከረገጡ ስንት ጊዜ ሆናቸው?

ተገኘ፦ ረግጠውት አያውቁም።

ወንዳፈረው፦ አምስት መስቀል። በሠርጌ ዕለት አንድ ጠርሙስ ቢራ ይዤ ስላዩኝ ብቻ።

ተገኘ፦ ሦስት።

ወንዳፈረው፦ ሦስቱንም አላዩም። እህትህ መስቀል በመጣ ቁጥር ትደብቀኛለች እንጂ ታለቅሳለች። እኔ መጠጥ ከተውኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ዛሬ እግራቸው ላይ ወድቄ መስቀልን ቤቴ እንዲውሉልኝ ነው የምለምናቸው። ገባህ?

ተገኘ፦ ገብቶኛል። ለዚህ እኮ ነው ጣሳውን...

ወንዳፈረው፦ ሰባተኛውን አቀብለኝ።

[ወንዳፈረው ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሰውየው ጉረኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ሚስቱን ይወዳል። ውቢትና ጵርስቅላ አንድ ትልቅ የእንሰት ቅጠል እንደ ጃንጥላ ይዘው ፊት ፊት ይሄዳሉ። በዚህ መሐል ባለ በቅሎ ሽማግሌ ከወዲያ መጥቶ ከሰባተኛው ጣሳ ሥር ቆመ። ጣሳው ወደ ማን ቤት እንደሚመራ ጠየቀ። ወንዳፈረው ኮቱን አስተካክሎ ወደ አማቱ ወደ አቶ ላምቤቦ ቤት ነው አለው። ሽማግሌው አፉን በእጁ ያዘ። የትኛው ላምቤቦ፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ እንዳይሆኑ ብቻ አለ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ተባለ። ማንም ሰው መሄድ ይችል እንደሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፤ ወንዳፈረውም በአማቱ ደግነት ኮራና ቤቱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ይምጣ አለው። ሽማግሌው በቅሎውን አዙሮ ወደ መጣበት ወደ ገበያው ጋለበ።]

ተገኘ፦ ጋሼ፣ ሰውየው ለምን የተመለሰ ይመስልዎታል?

ወንዳፈረው፦ የረሳው ዕቃ ይኖራል።

ተገኘ፦ የረሳው ሰው ነው የሚመስለኝ። ብዙ ሰው።

ወንዳፈረው፦ ሰው ይረሳል? አንተ ደግሞ። ና፣ ወንዙን እንሻገር።

[እኩለ ቀን ሲሆን ደረሱ። አቶ ላምቤቦ ለሽማግሌዎች ጸሎት ወጥተው ነበር። ወንዳፈረው አሥራ ሁለተኛውን ጣሳ ከሁሉ በረዘመው እንጨት ላይ ደፍቶ የግቢው መግቢያ ላይ ተከለና ራቅ ብሎ አየው፤ ደስ አለው። ውቢት ጵርስቅላን ይዛ እናቷ ጋ ጓዳ ገባች። ሁለቱ ወንዶች ቤቱ መሐል ካለው ምሰሶ አጠገብ እንደተቀመጡ ሰማዩ ተቀደደ። ከዝናቡም ጋር ሰዎች መግባት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ባለ በቅሎው ሽማግሌ ከሚከተሉት ጋር። ዱላቸውን ጥግ እያስያዙ፣ ቡልኮአቸውን እያራገፉ ተደርድረው ተቀመጡ።]

ወንዳፈረው፦ አየህ? ከመጣሁ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም፣ አገሩ ሰምቷል።

ተገኘ፦ ምኑን ነው የሰማው?

ወንዳፈረው፦ መምጣቴን ነዋ። የመንግሥት ሰው መጣ ሲባል እንዲህ ነው። ማመልከቻ ያለው አይጠፋም።

ተገኘ፦ ያኛው ግን የያዘው ዋንጫ ነው።

ወንዳፈረው፦ የታለ?

ተገኘ፦ በስተቀኝ። ከጎኑ ያለውም ይዟል። የቀንድ ነው።

ወንዳፈረው፦ ገበያ ገዝተውት ይሆናላ። ወይም ጠምቷቸዋል። ምን ታፈጣለህ፣ ውሃ ስጣቸው። አማቴ ቤት ሰው ተጠምቶ አይቀመጥም።

ተገኘ፦ ውሃ ነው የምሰጣቸው?

ወንዳፈረው፦ ሌላ ምን ልትሰጥ ኖሯል?

[ተገኘ ከእንስራው ቀድቶ ለመጀመሪያው ሰው ሞላለት። ሰውየው ተጎነጨ፤ አፉ ውስጥ ይዞ ጣራውን አየ፤ ዋጠ። ከዚያም ማንንም ላለማስቀየም ድምፁን አለስልሶ፣ የቤቱ እመቤት ገና ጀማሪ በመሆናቸው ነው እንጂ አይከፋም፣ ግን ጌሾውን ረስተውት እንዳይሆን ብሎ ጠየቀ።]

ወንዳፈረው፦ ጌሾ? የምን ጌሾ?

ተገኘ፦ አሁን ልጨርሰው፣ ጋሼ?

ወንዳፈረው፦ ምኑን?

ተገኘ፦ ጧት የጀመርኩትን።

ወንዳፈረው፦ ጨርሰው።

ተገኘ፦ በእንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ደጅ ላይ ከተተከለ እዚህ ቤት ጠላ ይሸጣል ማለት ነው። እርስዎ ደግሞ ከሆሳዕና ጀምረው አሥራ ሁለት ተከሉ። እንዲህ መንገድ የሚመራ ጠላ ቤት በአውራጃው ውስጥ ታይቶ አይታወቅም።

[ወንዳፈረው ከተቀመጠበት ተነሣ። ምልክቱን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ ባደገበት ሰፈር በየደጃፉ ሺህ ጊዜ አይቶታል። ጧት ግን መንገድ ቀያሽ ሆኛለሁ በሚል ሐሳብ ልቡ ስላበጠ ዓይኑ ሥራ ፈትቶ ነበር። አሁን የቆመው የአገሩ ሁሉ ጠጪ በተሰበሰበበት፣ ጠብታ መጠጥ ገብቶበት በማያውቅ ቤት ውስጥ ነው።]

ወንዳፈረው፦ አስወጣቸው።

ተገኘ፦ በዚህ ዝናብ? ደግሞ አባባ ቤት የገባ ሰው እህል ሳይቀምስ አይወጣም።

ወንዳፈረው፦ እሺ፣ ጣሳውን። ሮጠህ የበሩን ጣሳ ንቀልልኝ።

ተገኘ፦ እሱ ተነቅሏል።

ወንዳፈረው፦ ተመስገን። ማን ነቀለው?

ተገኘ፦ አባባ። ይኸው ይዘውት እየገቡ ነው።

[አቶ ላምቤቦ ባንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው እንጨቱን ከነጣሳው ይዘው ደፍ ላይ ቆሙ። የተቀመጠውን ሰው አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ ይህን ጣሳ መንገዴ ላይ የተከለው ማነው ብለው ጠየቁ። ወንዳፈረው ስለ አምስቱ መስቀል አሰበ፤ ስለ ውቢት እንባ አሰበ፤ ስለ ሠርጉ ቢራም አሰበ። አፉ ከልቡ ቀደመ።]

ወንዳፈረው፦ ተገኘ ነው፣ አባባ። እኔ ተው ብዬው ነበር። ሰው ምን ይላል፣ ይህ የጸሎት ሰው ቤት ነው እያልኩ መንገዱን ሁሉ ስመክረው ነው የመጣሁት።

ተገኘ፦ ጋሼ...

ወንዳፈረው፦ ዝም በል። ልጅዎ ነው፣ አባባ፤ ይማሩት።

[አቶ ላምቤቦ እንጨቱን ግድግዳ አስደገፉ። ወደ ተገኘ ሄዱ። ወንዳፈረው ጥፊውን ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጥ ግን አባትየው ልጃቸውን አንገቱን አቅፈው ግራና ቀኝ ይስሙታል። አሥራ ሁለት ዓመት፣ አሉ፣ እነዚህን ሰዎች ቃሉን ኑ ስሙ እያልኩ ደጅ ለደጅ ዞርኩ፤ አንድም ሰው አጥሬን አላለፈም። ዛሬ በገዛ እግራቸው መጡ፣ ዝናቡም በሩን ዘጋልኝ፤ ይህን ዘዴ ያሰበ ልጅ ይባረክ። ከጓዳ ቆጮና አይብ እንዲቀርብ አዘዙ፤ መጽሐፋቸውንም አወጡ። ባለ ዋንጫዎቹ ዝናቡን አዩት፤ ቆጮውን አዩት፤ ተመቻችተው ተቀመጡ። በመጨረሻም አቶ ላምቤቦ የመጪውን መስቀል ሆሳዕና ወርደው ተገኘ ቤት እንደሚውሉ በሁሉም ፊት ተናገሩ።]

ወንዳፈረው፦ [በሹክሹክታ] ተገኘ።

ተገኘ፦ አቤት፣ ጋሼ።

ወንዳፈረው፦ እውነቱን ንገራቸው።

ተገኘ፦ የቱን?

ወንዳፈረው፦ ጣሳውን የተከልኩት እኔ መሆኔን።

ተገኘ፦ አሁን ተገኘ ነው አላሏቸውም?

ወንዳፈረው፦ ፈርቼ ነው። ፈሪ ነኝ፣ ይኸው አመንኩ። ያንተ ቤት እኮ ሁለት ሰው አያስቀምጥም። ለእኔ ባይሆን ለእህትህ ስትል ንገራቸው።

[ተገኘ ወደ ጓዳው በር አየ። ውቢት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ አይታወቅም። ተገኘ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜም ወንዳፈረው ንግግሩ መሐል ሳይገባበት አንድ ነገር ከዳር እስከ ዳር ተናገረ።]

ተገኘ፦ አባባ፣ ጣሳውን የተከለው ጋሼ ወንዳፈረው ነው። ከሆሳዕና ጀምሮ አሥራ ሁለቱንም በእጁ ተከለ። እኔ ጆንያውን ከመሸከም በቀር ምንም አልሠራሁም። ምስጋናው የሱ ነው።

[አቶ ላምቤቦ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ አሥራ ዘጠኙ ሰዎች ዞረው፣ ትሕትና ምን እንደሆነ ስትጠይቁኝ ኖራችኋል፣ ይኸው እዩት አሉ። ሲያሳጣው ለነበረ ሰው ምስጋናውን ቆርሶ የሚሰጥ ልጅ የትም አላየሁም። ለመስቀል የሚታረደውንም በግ ራሴ ጎትቼ እመጣለሁ ብለው ጨመሩ።]

ወንዳፈረው፦ አባባ፣ እውነቱን ነው። እኔ ነኝ። መሬቱን የቆፈርኩት በዚህ እጄ ነው፤ ጭቃው ጥፍሬ ውስጥ አለ።

[የአቶ ላምቤቦ ፈገግታ ጠፋ። ዛሬ ማንንም በኃይለ ቃል መናገር አልፈለጉም፤ ግን ቅድም የሚስቱን ወንድም ለወቀሳ አሳልፎ የሰጠ ሰው አሁን ደግሞ ምስጋናውን ሊወስድበት መቆሙ እንዳሳዘናቸው በዝግታ ነገሩት። ከዚያም እንግዳ ነውና ቆጮ ስጡት አሉ። ወንዳፈረው ሰፌዱን ተቀብሎ ጭንቅላቱን ደፋ። አልበላም።]

ወንዳፈረው፦ ተገኘ፣ እግርህ ላይ ወድቄአለሁ። አንድ ጊዜ እንደገና ንገራቸው።

ተገኘ፦ እነግራቸዋለሁ፣ ጋሼ፣ እኔ ምን ገዶኝ። ግን ቅድም ብነግራቸው በግ ሰጡኝ፤ አሁን የቀረቻቸው ጊደሯ ናት።